መልስ፦ ቆሮሶዋ እንቁላሏን አልበላችውም

በገንዳዎ ያለችው እናቲቱ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) እንቁላሏን በልታው እንደሆነና ምግብ ካቆመች ስድስት ቀን ስለሞላት ትሞትብኝ ይሆን ብለው ለጠየቁት፣ እባክዎ አይስጉ።

ከጣና ዓሦች መካከል የሲክሊድ ቤተሰብ አባል የሆነው ቆሮሶ ብቻ ነው፤ ወንዱ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ጎድጓዳ ጎጆ ካበጀ በኋላ ሴቷ የጣለችውን እንቁላል ወዲያው በአፏ ትሰበስበዋለች፤ ጫጩቶቹ ራሳቸውን ችለው እስኪዋኙ ድረስም ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። ከጎን ሆነው ቢመለከቷት ከአገጯ ሥር ያበጠ ከረጢት ይታይዎታል፤ አፏን እንደሚያላምጥ ሰው ቀስ እያለች የምታንቀሳቅሰውም እንቁላሎቹን እያገላበጠች ንጹሕ ውኃ ለማዳረስ ነው። ይህን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

እርሷን በመረብ አያውጧት፤ ከደነገጠች ልትተፋቸው ወይም ልትውጣቸው ትችላለች። ይልቁንም የሚያሳድዳትን ወንድ ወደ ሌላ ገንዳ ያዛውሩት። የውኃው ሙቀት 28 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ በሁለት ሳምንት ገደማ ትለቃቸዋለች፤ የባሕር ዳር ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚቀዘቅዝ ግን ያለ ማሞቂያ ይዘገያል።

ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲሰማቸው ተመልሰው አፏ ውስጥ ስለሚገቡ፣ ለጥቂት ቀናት ከእርሷ ጋር ይተዋቸው። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በስስ ጨርቅ አጥልለው በቀን ሦስት አራት ጊዜ በጣም ጥቂት ጥቂት ይስጧቸው፤ የተረፈው ውኃውን ቶሎ ያበላሻል። የማጣሪያውን መምጠጫ በስፖንጅ ይሸፍኑት፤ የቧንቧ ውኃም ከመጨመርዎ በፊት ክሎሪኑ እንዲለቅ በክፍት ባልዲ ያሳድሩት።