«አዲስ ዝርያ» የምንለው የቱን ነው?

ጥያቄ፦ በዜና «አዲስ የጤፍ ዝርያ ወጣ» ሲባል እሰማለሁ። የባዮሎጂ መጽሐፍ ደግሞ አዲስ ዝርያ የሚገኘው ትንንሽ ለውጦች በረጅም ዘመን ሲጠራቀሙ ነው ይላል። ቃሉ አንድ ነው፤ ነገሩስ?

መልስ፦ ነገሩ ሁለት ነው። «ዝርያ» ከ«ዘራ» ጋር አንድ ቤት ነው። «የእገሌ ዝርያ ነኝ» ስንል የትውልድ ሐረግ ማለታችን ነው። ኋላ ላይ ግብርናውም ባዮሎጂውም ይህችኑ ቃል ወሰዷት፤ ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

ቁንጮ ጤፍን ይውሰዱ። ደብረ ዘይት ላይ ሁለት የጤፍ ዓይነቶች ተዳቅለው በ2006 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ነው። ንጣቱን ከአንዱ፣ ምርታማነቱን ከሌላው ወርሷል። የጤፍ አበባ በጣም ትንሽ ናት፤ የምትከፈተውም ማለዳ ነው። አዳቃዩ በሌሊት ተነስቶ ነው የሚደርስባት። ይህን ሁሉ ድካም አከብራለሁ። ቁንጮ ግን ዛሬም ጤፍ ነው። ከቀይ ጤፍ ጋር ቢያዳቅሉት ያፈራል።

ጣና ላይ ያለው ታሪክ ሌላ ነው። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሐይቁ 15 የባርበስ ዓሣ ዝርያዎችን ለይተዋል። የአንዱ አፍ ሰፊ ነው፣ ዓሣ ይበላል። የሌላው አፍ ወደ ታች የዞረ ነው፣ ከሐይቁ ወለል ይለቅማል። ክረምት ሲገባ አንዳንዶቹ እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ ሌሎቹ እዚያ አይታዩም። ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። የአፍ ቅርጽ ጥቂት በጥቂት መለወጡ ብቻውን ዝርያ አይለይም። አንዱ ወገን ከሌላው ጋር መራባቱን ሲተው ግን ለውጡ መልሶ አይደባለቅም፤ በየፊናው ይጠራቀማል። ዓሦቹ በዘረመል በጣም ስለሚቀራረቡ «በእርግጥ ተለያይተዋል ወይ?» የሚል ክርክር ነበረ። እኔ ክርክሩን እወደዋለሁ። ድንበሩ በአንድ ቀን እንደማይሰመር ያሳያል።

ለዚህ ሁሉ የለውጥ ሂደት የተሰጠው «ዝግመተ ለውጥ» የሚለው ስያሜም ትንሽ ያሳስታል። «ዘገመ» ቀስ ብሎ ሄደ ማለት ነው። ቃሉ ፍጥነቱን ይነግረናል፣ መለያየቱን አይነግረንም። ስለዚህ ብዙ ሰው ጊዜ ብቻ የሚበቃ ይመስለዋል።

ለጽሑፍ የምመክረው ይህን ነው፦ ለቁንጮ «አዲስ የጤፍ ዓይነት» ወይም «ምርጥ ዘር» ይበሉ። ገበሬውም ማኛ፣ ሰርገኛ እያለ በየስሙ ነው የሚጠራው። «ዝርያ»ን ለጣናዎቹ ዓሦች ያቆዩልን።