ከመሳላችሁ በፊት ካንቫሱን ወስኑ

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ ሆናችሁ በላፕቶፕ አኒሜሽን የምትሞክሩ ልጆቼ፣ እጃችሁ ያስደስተኛል። የሚያሳዝነኝ ያማረ ሥዕል ባልታሰበበት ካንቫስ (ሥዕሉ የሚሳልበት የፋይሉ ገጽ) ላይ ባክኖ ሲቀር ማየት ነው። አዲስ ፋይል ስትከፍቱ ሶፍትዌሩ ያቀረበላችሁን መጠን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ታሪካችሁን ገና አያውቀውም።

መጀመሪያ የት እንደሚታይ ጠይቁ። ለዩቲዩብ 1920 በ1080 ፒክስል፣ ለቲክቶክ 1080 በ1920 የተለመደ ነው። «በኋላ ቆርጬ አወጣዋለሁ» አትበሉ። ከአግድሙ ፍሬም (በስክሪን ላይ ከሚታየው ክፈፍ) መሃል የቁሙን ስትቆርጡ የሚተርፋችሁ ስፋት 608 ፒክስል ገደማ ነው። የስልኩን ስክሪን እንዲሞላ ሲለጠጥ መስመሩ ይደበዝዛል። ደንበኛው ሁለቱንም ከፈለገ ትዕይንቱን ለየብቻ አቀናብሩለት፤ ሥራው እጥፍ ነውና ሒሳቡንም አስቀድማችሁ ንገሩት።

ቀጥሎ ካሜራው ወዴት ይሄዳል? እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስጡ። ካሜራው ከጣርማ በር ጉም ተነስቶ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል እንበል። ፍሬሙ 1920 በ1080 ቢሆንም የገደሉ ሥዕል ቁመቱ የሦስት ፍሬም ያህል፣ 3240 ይሁን። ካሜራው የሚወርደው 2160 ፒክስል ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ተከታታይ ምስል ካለ፣ በ6 ሰከንድ 144 ፍሬም ይሆናል፤ ስለዚህ በየፍሬሙ 15 ፒክስል ይወርዳል። በ2 ሰከንድ ላውርደው ብትሉ 45 ፒክስል እየዘለለ ከተማው ሳይታይ ያልፋል። ከሩቅ የሚታየው ተራራ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚንቀሳቀሰው። እሱን በሌላ ሌየር (በላይ በላዩ በሚደረብ የሥዕል ንጣፍ) አድርጋችሁ በየፍሬሙ 5 ፒክስል ካስኬዳችሁት 720 ፒክስል ብቻ ስለሚሄድ 1800 ቁመት ይበቃዋል። ጥልቀቱ የሚመጣው ከዚህ የፍጥነት ልዩነት ነው፤ ቆላውን ቁልቁል አይቶ ያደገ ልጅ ይህን በዓይኑ ያውቀዋል።

ካንቫሱን ያለ ምክንያት አታግዝፉት። 1920 በ1080 የሆነ አንድ የፒክስል ሌየር ሳይታመቅ 8.3 ሚሊዮን ባይት ገደማ ይይዛል፤ 3840 በ2160 ሲሆን 4 እጥፍ ነው። በየሥዕሉና በየሌየሩ ሲባዛ አቅሙ አነስተኛ የሆነ ላፕቶፕ ይንቀራፈፋል። ካሜራው እጥፍ ተጠግቶ የሚያየውን የጀርባ ሥዕል ብቻ በዚያ መጠን ሳሉት። ስለ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚታተም የነጥብ ብዛት) አትጨነቁ፣ እሱ ለሕትመት ነው።

የፍሬም ፍጥነቱንም በዚያው ቅጽበት ወስኑ፤ የከንፈር እንቅስቃሴ ከድምፅ ጋር ከገጠመ በኋላ መቀየር ከባድ ድካም ነው። ለቴሌቪዥን ከሆነ ጣቢያውን ጠይቁ፤ መብራታቸው 50 ኸርዝ በሆነባቸው አገሮች 25 የተለመደ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ካለ በአግድሙ ፍሬም ከግራና ከቀኝ 96፣ ከላይና ከታች 54 ፒክስል ወደ ውስጥ አስገቡ። እንደ «ጯ» ያሉት ፊደላት ቅጥያቸው ቀጭን ስለሆነ በትንሽ ስክሪን ላይ በደንብ እንዲለዩ አተልቁዋቸው፣ በስልክም አይታችሁ አረጋግጡ።

ይህን ሁሉ ስትጨርሱ ባዶውን ፋይል መጠኑንና ፍጥነቱን በስሙ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡት፤ ቀጣዩን ትዕይንት ከእሱ ቅጂ ጀምሩ። ከጓደኛ ጋር የምትሠሩ ከሆነ ያንኑ ፋይል ላኩለት፣ ገጸ ባሕርያቱ በአንድ ልክ እንዲወጡ።