የቃላት ዝርዝር ብቻውን ቋንቋን ያድናልን?

ጥያቄ፦ ጥቂት አረጋውያን ብቻ የሚናገሩትን ቋንቋ ለመሰነድ የቃላት ዝርዝር መሰብሰብ አይበቃምን?

መልስ፦ አይበቃም። «ውኃ»፣ «እጅ»፣ «እሳት» ምን ይባላል እያሉ መጠየቅ ድምፆቹን ለመለየት ይጠቅማል፤ ሆኖም ሰዎች ሲከራከሩ፣ ልጅ ሲያባብሉ ወይም ተረት ሲያወሩ የሚሰማው የዓረፍተ ነገር አወቃቀር በዝርዝር ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ በተናጋሪዎቹ ሙሉ ፈቃድ ጨዋታቸውን በድምፅና በምስል መቅረጽ፣ ከዚያም ከእነርሱው ጋር ቁጭ ብሎ ቅጂውን ደጋግሞ እያዳመጡ እያንዳንዷን ሐረግ መጻፍና መተርጎም ያስፈልጋል፤ የአንድ ሰዓት ቅጂ የብዙ ቀናት ሥራ ሊሆን ይችላል። በአላስካ የኢያክ ቋንቋ የመጨረሻዋ አፍ ፈቺ ተናጋሪ ማሪ ስሚዝ ጆንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ሲያርፉ፣ የቋንቋ ሊቁ ማይክል ክራውስ ከእርሳቸውና ከሌሎች ተናጋሪዎች ጋር ለዓመታት ሠርተው መዝገበ ቃላትና ተረቶች አሰባስበው ነበር። ዛሬ ኢያክን ለመማር የሚሻ ሰው የሚመለከተው ይህንኑ ሥራ ነው።