ደብዛዛ አለት፣ የሚያቅለሸልሽ መነጽር

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጂኦሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቹን መስክ ለማውጣት በጀት ስላልተገኘ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስወርድ ዙሪያውን በሙሉ የሚቀርጽ 360 ካሜራ መኪናው ጣሪያ ላይ አስሬ በ4ኬ ጥራት ቀረጽኩላቸው። ዙሪያውን እዚያው እንዳሉ ሆነው የሚያዩበትን የቪአር መነጽር ባደረጉ በአምስት ደቂቃ ያቅለሸልሻቸዋል። አለቱም ደብዛዛ ነው። ሌላ መነጽር ይገዛ?

መልስ፦ መምህር፣ መነጽሩ ምንም አላጠፋም። ገንዘቡን ለነዳጅ ያቆዩት፤ ተመልሰው መውረድዎ አይቀርም።

ያቅለሸለሻቸው የመኪናው ጉዞ ነው። ዓይን «እየሄድን ነው» ይላል፤ የውስጥ ጆሮ ደግሞ «ኧረ ወንበር ላይ ነን» ይላል። ሁለቱ ሲጣሉ ዕዳው ሆድ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ካሜራው ይቁም። ቀጭን ማቆሚያ ላይ፣ በቆመ ሰው ዓይን ልክ፣ 1.6 ሜትር ገደማ።

ብዥታው ግን የሒሳብ ጉዳይ ነው። በ360 ካሜራ 4ኬ ማለት 3840 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ዙሪያውን ሲከፋፈል ነው። መነጽሩ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚታየው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። 200 ሜትር ርቆ ባለ ገደል ላይ አንዷ ፒክስል 33 ሳንቲሜትር ገደማ ትሸፍናለች። ጣት የምታክል የጂፕሰም መስመር ታዲያ በየት በኩል ትታይ? 2 ሜትር ድረስ ቢጠጉ ግን ፒክስሏ 3 ሚሊሜትር ገደማ ትሆናለች። ይጠጉ! ቪዲዮውንም ይተዉት። ድንጋይ የትም አይሄድ፤ ብዙዎቹ ካሜራዎች ደግሞ ፎቶ ሲያነሱ ከቪዲዮ የተሻለ ጥራት ይሰጣሉ።

አራት ቦታ መቆም ይበቃል፦ ከላይ ባዛልቱ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋዩ፣ ዝቅ ብሎ ጂፕሰሙ፣ ታች ድልድዩ አካባቢ አሸዋ ድንጋዩ።

ሲጠጉ አንድ ወጥመድ አለ። ካሜራው ፊትና ኋላ ሌንስ አለው፤ ሁለቱ ምስሎች የሚሰፉት በጎኑ በኩል ነው። ጎኑን ወደ አለቱ ካዞሩት ስፌቱ የአለቱ ንጣፍ ላይ ያርፍና የሌለ ስንጥቅ ይፈጥራል። አንድ ተማሪ እንዲህ ያለውን ስፌት «ፎልት» (አለት ተሰንጥቆ የተንሸራተተበት መስመር) ብሎ ደብተሩ ላይ ሲስለው አይቻለሁ። አልፈረድኩበትም፤ እውነትም ፎልት ይመስል ነበር። አንዱን ሌንስ ፊት ለፊት ወደ አለቱ ያዙሩት። መዶሻዎንም አለቱ ላይ ያስደግፉ፤ መነጽር ውስጥ መጠን ያታልላል።

ክፍል ውስጥ ዋይፋይ አይመኑ። ፋይሉን ቀድመው በገመድ በየመነጽሩ ይጫኑት። መነጽር ካነሰ ጥንድ ጥንድ ያድርጓቸው፤ አንዱ እያየ ይናገር፣ ሌላው ይሳል። የመነጽሩን ሌንስ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ እንጂ በአልኮል አይጥረጉ። መነጽሩን መስኮት ዳርም አያስቀምጡት፤ ፀሐይ በሌንሱ ገብታ ስክሪኑን ታቃጥለዋለች።

የንጣፉን ዝንባሌ ግን በመነጽር አያስለኩ። ለዚያ ኮምፓሱ አለቱ ላይ ማረፍ አለበት። እዚያው ሆነው ራስዎ ይለኩና ቁጥሩን ምስሉ ላይ ይጻፉላቸው።