የፔይንትቦል ታንክ ኦሪንግ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልስ

ፔይንትቦል የቀለም ኳስ በጋዝ ግፊት በሚተኩስ ጠመንጃ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ ታንኩ ደግሞ ጠመንጃው ላይ የሚገጠመው የጋዝ መያዣ ነው። ስለዚህ ታንክ ጎሚኒ በየጊዜው የምትልኩልኝን ጥያቄ ሰብስቤ ዛሬ ተቀምጫለሁ። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የጨዋታ ቀንን ያበላሻል። አንዱ ጥያቄ ደግሞ ከጨዋታም በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ታንኩን ስገጥመው ሽሽሽ እያለ ይተነፍሳል። ሌላ ታንክ ልግዛ?

ቆይ፣ አትግዛ። መጀመሪያ የታንኩ አፍ ላይ ያለውን ክብ ጎሚኒ፣ ኦሪንጉን እየው። አውጥተህ በሁለት ጣትህ ወጠር አድርግና ብርሃን ላይ ያዘው። ጠርዙ የተገመጠ ከመሰለ፣ ስንጥቅ ካለው፣ ወይም ክቡ ጎኑ ጠፍጣፋ ከሆነ አብቅቶለታል። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ነው።

ጥያቄ፦ ልኩ ስንት ነው?

ሱቅ ስትገቡ የልክ ቁጥሩን 015 በሉ። የውስጥ ስፋቱ 14 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 1.78 ሚሊሜትር ነው። ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ታንክም ለታመቀ አየር ታንክም ያው ነው። 014 እና 016 ውፍረታቸው እኩል ስለሆነ ዓይን ያታልላሉ። ስፋታቸው የሚለየው ግን በ1.6 ሚሊሜትር ነው፤ ያቺ ታህል ልዩነት ለመተንፈስ ትበቃለች። በግምት አትግዙ።

ጥያቄ፦ ጥቁሩ ይሻላል ወይስ ቢጫው?

በቀለም አትመኑ፣ የተሠራበትን ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥቁሩ ናይትራይል የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ፣ ቢጫ ወይም ብርሃን የሚያሳልፈው ደግሞ ጠንከር ያለው ዩሬቴን ነው። ዩሬቴን ግን በብዙ ቀለም ይመጣል።

ልዩነቱ የሚታየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ነው። ጋዙ በግፊት ናይትራይሉ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ታንኩን ስትፈቱ ግፊቱ ባንዴ ይወርዳል፤ ውስጥ የቀረው ጋዝ ይለጠጥና ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። አንድ ጊዜ እንደፈታሁ ኦሪንጉ ዓይኔ እያየ አብጦ ከቦታው ወጣ። ልመልሰው ብል እምቢ አለኝ። ጠረጴዛ ላይ ትቼው ብመለስ ወደ ልኩ ተመልሷል፣ ጎኑ ላይ ግን ትንንሽ ስንጥቅ ቀርቶበታል። ስለዚህ ምርጫዬ በጎማ ጥንካሬ መለኪያ (ሾር ኤ) 90 የሆነ ዩሬቴን ነው። የታመቀ አየር ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ናይትራይልም ይሠራል፤ ሆኖም ተራው 70 ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይቆረጣል።

ጥያቄ፦ ዩሬቴን አስገብቼ በሳምንቱ ተቀደደብኝ። ምን በደልኩ?

እህቴ፣ አፈታትሽን እንይ። ጠመንጃው ውስጥ ግፊት እያለ ታንኩን ከፈታሽ፣ የቀረው ጋዝ ኦሪንጉን ገፍቶ የመጠምዘዣው ክር ላይ ይጥለዋል፤ ክሩም ይቆርጠዋል። ጠመንጃው የጋዝ መዝጊያ ካለው መጀመሪያ ዝጊው። ከሌለው የታንኩ ቫልቭ (ጋዝ የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ታንኩን ቀስ ብለሽ አዙሪ። ከዚያ ጭንብልሽን እንዳደረግሽ፣ ኳስ በሌለበት፣ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ተኩሰሽ የቀረውን ጋዝ ጨርሺ። አሁን ፍቺው። እንዲህ አድርገሽም ከተቀደደ፣ ታንኩ የሚገባበትን አፍ በጣትሽ ዳብሺ፤ ሹል ነገር ይኖራል።

ጥያቄ፦ የሞተር ዘይት ልቀባው?

በፍጹም! በ3000 ወይም በ4500 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የታመቀ አየር ከነዳጅ ዘር ዘይት ጋር ሲገናኝ እሳት ሊነሳ ይችላል። የሲሊኮን ቅባት፣ እሱም ስስ አድርጋችሁ፣ ኦሪንጉ ላይ ብቻ። አየር መሙያው አፍ ላይ ምንም እንዳታደርጉ።

ጥያቄ፦ በምን ላውጣው?

በስቴኪኒ። ብረት ማረፊያውን ከጫረው አዲሱም ይተነፍሳል።

ጥያቄ፦ የሚተነፍሰው ቫልቩ ከጠርሙሱ (ጋዙን ከያዘው የታንኩ አካል) ጋር የሚገናኝበት ጋ ነው። ፈትቼ ጎሚኒውን ልቀይር?

ወንድሜ፣ እባክህ አትንካው። የአፉ ኦሪንግ ያንተ ሥራ ነው፤ ይሄ ግን የባለሙያ ነው። ቫልቩ ከጠርሙሱ ከተላቀቀ ጠርሙሱ እንደ ሮኬት ይወነጨፋል። በዚህ ምክንያት የሞቱ ሰዎች አሉ። ታንኩ ጤነኛ ሳለ ቫልቩንና ጠርሙሱን አቋርጦ የሚያልፍ አንድ መስመር በጥፍር ቀለም አስምርበት። ታንኩን ስትፈታ ሁልጊዜ መስመሩን እየው። ሁለቱ ጫፎች ከተለያዩ ቫልቩ አብሮ እየዞረ ነው ማለት ነው። እዚያው አቁም፣ ሰው አርቅ፣ ባለሙያ ጥራ።

ጥያቄ፦ መለዋወጫ ስንት ልያዝ?

አስር ያህል፣ ከፀሐይ ርቆ፣ በተዘጋ ትንሽ ፌስታል። ቦርሳ ኪስ ውስጥ ልቅ አድርጋችሁ አትጣሏቸው፤ አሸዋ ይይዛሉ።