ሥራ ላይ እየዋልኩ የጸሎት ጊዜያትን እንዴት ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ በፈረቃ የምሠራ ምእመን ነኝ። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ለማድረስ ደጋግሜ ወስኜ አልሆነልኝም። ወደ ሥራ ስሄድ በስልኬ ውዳሴ ማርያም እሰማለሁ፤ ይህ እንደ ጸሎት ይቆጠርልኛል? ሦስት አራት ቀን ሳልጸልይ ስቆይ ደግሞ በዕረፍት ቀኔ ያለፈውን ሁሉ ላካክስ እነሣና ደክሞኝ አቋርጠዋለሁ። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ብዙ ሰው ጸሎቱን የሚተወው በእሱ ምክንያት ነውና። ያለፈ ጸሎት እንደ ዕዳ አይጠራቀምም። ሰኞ ሳትጸልዪ ከዋልሽ ማክሰኞ የሚጠበቅብሽ «ማረኝ» ብለሽ የማክሰኞውን ማድረስ ነው። የአራት ቀኑን በአንድ ጊዜ ልወጣው ያለ ሰው ገጽ መቁጠር ይጀምራል፤ ልቡ ከቃሉ ይርቅና በሚቀጥለው ሳምንት ዳዊቱን ማየት ራሱ ይከብደዋል።

ሰባቱ ጊዜያት «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ከሚለው ቃል (መዝ. 118፥164) የመጡ ናቸው፦ ነግህ (ጠዋት)፣ ሠለስት (3 ሰዓት)፣ ቀትር (6 ሰዓት)፣ ተሰዓት (9 ሰዓት)፣ ሠርክ (ማታ)፣ ንዋም (የመኝታ ሰዓት)፣ መንፈቀ ሌሊት (እኩለ ሌሊት)። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱን፣ በ6 ሰዓት ጌታ መሰቀሉን፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ መስጠቱን እናስባለን። ጊዜያቱን ማክበር ግን በሰባቱም ረጅም መጽሐፍ መድገም ማለት አይደለም። በሥራ የተያዘ ሰው ጠዋትና ማታውን አጥብቆ ይያዝ፤ የቀኑን በአጭሩ ያድርስ።

ጠዋት ከመኝታሽ እንደ ተነሣሽ፣ ስልክ ከመንካትሽ በፊት ታጥበሽ ወደ ምሥራቅ ቁሚ። አማትበሽ «በስመ አብ» ብለሽ ጀምሪ፤ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ከዚያ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሺ። ዳዊት ለመጨመር አቅም ካለሽ በልክ ይሁን። በጸሎት መጽሐፉ አከፋፈል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ በሳምንት ያልቃል፤ ይህ ፈረቃ ለሚገባ ሰው ብዙ ነው። በቀን አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር ብትይዢ 150ው በ15 ቀን ይዘለቃል። እሱም ከበዛ ሦስት መዝሙር ይበቃል። ማታ ከመተኛትሽ በፊት መዝሙር 50ን ለንስሐ፣ መዝሙር 90ን ለጥበቃ ድገሚና በአቡነ ዘበሰማያት ዝጊ።

በሥራ ሰዓት የነህምያን መንገድ ያዢ። በንጉሡ ፊት ቆሞ «ምን ትለምነኛለህ?» ሲባል፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ (ነህ. 2፥4)። ንጉሡም አልጠበቀው፣ ሥራውም አልተቋረጠ። አንቺም በ3፣ በ6ና በ9 ሰዓት ባለሽበት አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት፣ ቀጥሎ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 12 ጊዜ በልብሽ በዪ። መቁጠሪያ ማውጣት ካልተመቸሽ በአውራ ጣትሽ የአራቱን ጣቶች አንጓዎች ንኪ፤ በአንድ እጅ 12 ይሞላል። ማንም ሳያይሽ ይፈጸማል፤ ጌታም ያዘዘው በስውር እንድንጸልይ ነው። አገልግሎት የሚጠብቅ ሰው አቁሞ ረጅም ጸሎት መያዝ ግን ተገቢ አይደለም፤ ያንን ሰው በቅንነት ማስተናገድሽም በእግዚአብሔር ፊት ነው።

የሌሊት ፈረቃ ሲደርስሽ መንፈቀ ሌሊትን እንደ ጸጋ ቁጠሪው፤ ጳውሎስና ሲላስ በወኅኒ የጸለዩበት ሰዓት ነው (ሐዋ. 16፥25)። የነግሁን ከሥራ ስትወጪ፣ እንቅልፍ ሳይጥልሽ አድርሺ። «ተኝቼ ስነሣ» ያልሽው ብዙውን ጊዜ ይቀራል።

ስለ ስልኩ፦ ከስልክ እያነበቡ መጸለይ ኃጢአት አይደለም፤ ቃሉ ያው ነው። አስቸጋሪው አብሮት የሚመጣው ነው። መልእክት ብቅ ሲል ዓይን ይሄዳል፣ ዓይንን ልብ ይከተላል። ስለዚህ ጸሎቱን ከፍተሽ ኔትወርኩን ዝጊ፤ ቤት ስትሆኚ ደግሞ የታተመውን መጽሐፍ ተጠቀሚ። ቁጥሩንም አስተውዪ፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው በጸሎት ዳዊታችን 22ኛ ሲሆን በአንዳንድ የስልክ መጽሐፍ ቅዱሶች 23ኛ ሆኖ ታገኚዋለሽ። በዚህ ምክንያት 50ን ያሉ ሰዎች «ተሣሃለኒ» (ማረኝ) የሚለውን የንስሐ መዝሙር ሳይሆን ሌላ መዝሙር ይደግማሉ።

መንገድ ላይ መስማትሽ ደግሞ መልካም ነው፤ ጸሎት የሚሆነው ግን አብረሽ ስትጸልዪ ነው። ለምሳሌ የሰኞው ውዳሴ ማርያም «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም» ብሎ ይጀምራል፤ ልቡ ያዘነውንና የተከዘውን አዳምን ጌታ ነጻ ሊያወጣው እንደ ወደደ ይናገራል። ይህን ሰምተሽ የራስሽን ኀዘን ብታስቢና በየአንቀጹ መጨረሻ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ሲል አንቺም በከንፈርሽ ብትመልሺ ጸልየሻል። ጆሮሽ እየሰማ እጅሽ ሌላ ገጽ የሚያገላብጥ ከሆነ ግን አልጸለይሽም፤ የጠዋቱን ቁመትም አይተካልሽም።

አንድ ነገር ሳትጠይቂኝ ልጨምር። ቅዳሴን በስልክ መከታተል ለታመመና ከአልጋ ለማይነሣ መጽናኛ ነው፤ ሥጋውና ደሙ ግን በስልክ አይደርስም። እሑድ ፈረቃሽ ከሆነ በጾም ወራት በሥራ ቀናት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ የጠዋት ፈረቃ ጨርሰሽ ልትደርሺ ትችያለሽና በአጥቢያሽ ሰዓቱን ጠይቂ። ቢያንስ ጠዋት የኪዳን ጸሎት ላይ ቁሚ፤ አጭር ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አትጀምሪ። የፈረቃ ሰሌዳሽን ይዘሽ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂና የምትችዪውን ንገሪያቸው፤ ልኩን እሳቸው ይስጡሽ። አንድ ወር ከጠበቅሽው በኋላ ይጨመር ወይም ይቀነስ እንደሆነ ከእሳቸው ጋር ትመክሪያለሽ።