«ተፈጥሮው ነው» ለማለት አትቸኩሉ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት «የፖለቲካ አቋም አብሮን የሚወለድ ከሆነ መከራከር ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ወዲያው የድሮ ተማሪዬ ትዝ አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2008 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ተመራማሪዎቹ የ46 ሰዎች ጣት ላይ የላብ መለኪያ ገጠሙና የሚያስደነግጡ ፎቶዎች አሳዩአቸው። አንዱ ፎቶ ላይ ትልቅ ሸረሪት የፈራ ሰው ፊት ላይ ወጥቷል። ሌላው ትል ያፈራ ቁስል ነው። ድንገተኛ ድምፅ እያሰሙም የዐይናቸውን መርገብገብ ለኩ። አብዝተው የደነገጡት ሰዎች የመከላከያ ወጪንና የሞት ቅጣትን ወደ መደገፍ ያዘነብላሉ ተባለ።

ተማሪዬ ጽሑፉን አትሞ፣ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበት ቢሮዬ መጣ። በጣም ደስ ብሎታል። «መምህር፣ አባቴ ለምን እንደማይገባው አሁን ገባኝ። ለካ ነርቩ ነው!» አለኝ። ማታ ማታ ዜና እያዩ የሚከራከሩ አባትና ልጅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ክርክሩን ተወው። አልተጣሉም፤ አባቱን እንደ ሕመምተኛ እያየ ያዝንላቸው ጀመር። በምረቃው ቀን አባትየው ጠጋ ብለው «ድሮ ይሞግተኝ ነበር፤ አሁን እሺ ብቻ ነው የሚለኝ» አሉኝ። ያ «እሺ» እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ብዙ ሰው ይዘው ደገሙት። የተባለው ልዩነት አልተገኘም። ልጁ የት እንዳለ ስለማላውቅ ይህን ሳልነግረው ቀረሁ።

ዛሬ እናንተ ወጣቶች ርዕሱን ብቻ አንብባችሁ ሼር ታደርጋላችሁ፤ ይሄ ያበሳጨኛል። ግን ደግሞ እኛ በእናንተ ዕድሜ እንደ ልጅቷ ዓይነት ጥያቄ የመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረንም።

ተፈጥሮ ድርሻ የለውም እያልኩ አይደለም። የመንትዮች ጥናቶችን በቁም ነገር ነው የማያቸው። ቁርጥ አንድ ዓይነት የሆኑ መንትዮች ዘረ መላቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ የማይመሳሰሉት በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት የመጀመሪያዎቹ በፖለቲካ አመለካከትም የበለጠ ተቀራርበው ተገኝተዋል። የትኛውን ፓርቲ ትደግፋላችሁ ሲባሉ ግን ይበልጥ የሚወስነው ያደጉበት ቤት ነው። ደግሞም ጥናቱ የሚለካው በብዙ ሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ የአንድ አባት አቋም ከየት እንደመጣ አይነግረንም።

እሱን ከራሳቸው ከአባታችሁ ጠይቁ። ስላሳለፉት ጦርነት፣ ስላጡት ሥራ፣ ስላመኑትና ስለከዳቸው ሰው ይነግሯችኋል። ካልተስማማችሁ ደግሞ ሞግቷቸው።